ቢጫው ወረቀት ከመለጠፉ በፊት

ሞንትሪያል፣ 1885

ኦገስት 12፣ ረቡዕ

ይህ ደብተር የሰው ልክ መመዝገቢያዬ ነበር፤ ወገብ፣ ትከሻ፣ የእጅጌ ርዝመት። ከኋላው ብዙ ባዶ ገጽ ስላለ በዚያ በኩል ጀመርኩት። ለሰው የማልነግረው ነገር ሆዴ ውስጥ በዝቷል።

የፈንጣጣ ክትባት የሚወጋው ዶክተር ዛሬ እኛ መንገድ ደረሰ። ፎቅ ላይ ያለችው ማዳም ገርቬ በተረከዟ ወለሉን ሦስቴ ስትደበድብ ገባኝ። ኦሬሊንና ዶናትን ጓሮ ማገዶ ቤት ውስጥ ከተትኳቸው። ኦሬሊን «የወንድምሽን አፍ ያዢ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፣ የሁለት ዓመት ልጅ አያቅትሽም» አልኳትና በሩን ከፈትኩ።

ዶክተሩ ገና ጎረምሳ ነው። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

«ማዳም፣ ስንት ልጆች አሉዎት?»

«የሉኝም።»

ጓሮ የተሰጣውን የዶናትን ሸሚዝ አየ። መዳፍ የምታክል ሸሚዝ።

«የጎረቤት ነው» አልኩት።

«ማዳም፣ እዚህ ሰፈር በቀን ስንት ሕፃን እንደሚቀበር ያውቃሉ?»

«ሙሴ፣ የሉኝም አልኩ እኮ።»

ቆቡን አድርጎ ሄደ። ማዳም ገርቬ ከደረጃው ላይ ሆና ሳቀች፤ «አበጀሽ አዚልዳ! እኔ ደግሞ አንድ ባልዲ እጣቢ አዘጋጅቼለት ነበር!»

ማንም አይፍረድብኝ። በጸደይ ልጇ ኦቪላ ተወግቶ ክንዱ እስከ ትከሻው አብጦ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጮህ ጣሪያዬ ላይ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ በስድስት ዓመቴ ገጠር ሳለን ፈንጣጣ ወጥቶብኝ ድኛለሁ። ግንባሬ ላይ ጠባሳው አለ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። የሚወጣ ይወጣል፣ ያልፋል።

ኩራት ተሰምቶኝ ዋለ።

ኦገስት 21

ከኛ ቀጥሎ ባለው መንገድ አራት ቤት ላይ ፈንጣጣ ገብቷል የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ያለበት ቤት ሰው አይገባም፣ አይወጣም። ነጩ የሕፃናት አስከሬን ጋሪ ከጠዋት እስከ ምሳ ሦስቴ አለፈ። ፈረሱ ስላወቀው ነው መሰለኝ እኛ በር ጋ ሲደርስ ያዘግማል።

ባለቤቴ ቴሌስፎር በዚህ ሙቀት ሸሚዙን ሳያወልቅ ይተኛል። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ብርድ ብርድ ይለኛል» አለኝ። ትኩሳት የለውም፤ ግንባሩን በእጄ ነካሁት። ሁሉንም ሰው በእጄ እየነካሁ ነው የምውለው።

ኦገስት 30፣ እሑድ

ኦሬሊ ከቅዳሴ እንደተመለስን ራሴን አለች። ወገቤንም አለች። ፀሐይ ነው። ያለ ኮፍያ አትውጪ ብያት ነበር።

ኦገስት 31

ፀሐይ ነው።

ሴፕቴምበር 2

ዛሬ ትኩሳቱ ቀለል አለላት፤ ሾርባም ጠጣች፤ ደስ አለኝ። ማታ ሳለብሳት ግንባሯና እጅ አንጓዋ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አየሁ። የሙቀት ሽፍታ ነው። ዶናትም አምና ወጥቶበት ነበር።

ለቴሌስፎር አላሳየሁትም። መብራቱን አራቅሁት። እሱም አልጠየቀኝም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ሴፕቴምበር 4

ውሃ ቋጥሯል።

እሺ። አሁን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እንዳያውቅ። ከታወቀ ወረቀቱ ይለጠፋል። ወረቀቱ ከተለጠፈ ቴሌስፎርን ጫማ ፋብሪካው በር ላይ ይመልሱታል፤ ለእኔም ስፌት የሚሰጠኝ የለም። ከዚያ የጤና ፖሊሶቹ ጥቁሩን ጋሪ ይዘው መጥተው ልጄን ተራራው ሥር ወዳለው ሆስፒታል ይወስዷታል። እዚያ የገባ ልጅ አይመለስም ይላሉ። ማዳም ገርቬ ናት ያለችው። ከማን እንደሰማች አልጠየቅኳትም።

ክፍሉን በአንሶላ ከፈልኩት። ከአንሶላው ወዲያ ኦሬሊ፣ ወዲህ ዶናት። እኔ አንዴ ስለወጣብኝ አይዘኝም። በለብ ባለ ወተት አጥባታለሁ፣ እናቴ እንዳደረገችኝ።

ሴፕቴምበር 5፣ ቅዳሜ

ኮቶቹን የማስረክብበት ቀን ነበር። አሥራ አራት የወንድ ልጆች የክረምት ኮት፣ ገበራቸው ቀይ። ሐሙስ ሌሊት ኦሬሊ ስትንቀጠቀጥ ብርድ ልብሱ ስላልበቃት ሁለቱን ደርቤላት ነበር። ሁለቱን ብቻ። በካውያ በደንብ ተኩሻቸዋለሁ፣ የካምፎር ዱቄት ነስንሼባቸዋለሁ። ካውያው እኮ እሳት ነው።

ስፌት በሚሰጠኝ አውደ ሥራ ዕቃ የምትረከበው ማድሞዜል ላዱሰር ናት። አርባ ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ አሮጊት እናቷን ታስተዳድራለች። ስፌቴን ሳትፈትሽ የምትቀበል እሷ ብቻ ነች። ዛሬ ግን ጥቅሉን ፈታችና አፍንጫዋን አስጠጋች።

«ካምፎር» አለች።

«ብል ፈርቼ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጆቹ ደህና ናቸው አዚልዳ?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ጥቅሉን መልሳ አሰረችና ከሌሎቹ ክምር ላይ ሳትጭነው ጠረጴዛው ሥር፣ እግሯ አጠገብ አኖረችው። «ሂጂ በይ፣ ፊትሽ ድካም ድካም ይላል» አለችኝ። የሚቀጥለውን ሳምንት ጨርቅ አልሰጠችኝም፤ «ገና አልመጣም» አለች። መደርደሪያው ላይ ግን አይቼዋለሁ።

ጠርጥራለች ማለት ነው? ከጠረጠረች ለምን አልተናገረችም?

ሴፕቴምበር 6፣ እሑድ

አባታችን ከመንበሩ ላይ ሆነው «ልጆቻችሁን አስከትቡ» አሉ። ጳጳሱ ያዘዙት ነው አሉ። ማዳም ገርቬ ጆሮዬ ሥር፣ «ክትባቱን ያመጡብን እንግሊዞች እሳቸውንም በገንዘብ ገዟቸው» አለች። እኔ ወለሉን ሳይ ቆየሁ። ያ ጎረምሳ ዶክተር ትዝ አለኝ። የት እንዳለ ባውቅ... ባውቅም ምን እለዋለሁ? የሉኝም ያልኩት እኮ እኔ ነኝ።

ሴፕቴምበር 9

ኦሬሊ ፊቷ የለም። ዓይኖቿ በእብጠት ተዘግተዋል። «እማዬ መሽቷል?» ትለኛለች በጠራራ ፀሐይ። አዎ መሽቷል እላታለሁ።

ሽታው። መስኮት ብከፍት ጎረቤት ይሸተዋል፤ ብዘጋ እሷ ትታፈናለች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መርፌው እጄ ውስጥ ይገባል።

ሴፕቴምበር 11

ዛሬ ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ዶናት አልጋው ላይ አልነበረም። አንሶላውን ገልጦ ገብቶ፣ እህቱ አንገት ሥር ተወሽቆ ተኝቷል። ስንት ቀን እንዲህ ሲያደርግ እንደቆየ አላውቅም። ኦሬሊን ጠየቅኋት።

«ሁልጊዜ ይመጣል» አለች። «ዘፈን ዝፈኚልኝ ይለኛል።»

ሴፕቴምበር 14

ዶናትን አተኮሰው።

ጥርስ ነው። የኋላ ጥርሱ አልወጣም ነበር።

ሴፕቴምበር 17

ጥርስ አይደለም።

ሴፕቴምበር 20፣ እሑድ

ቅዳሴ አልሄድኩም። ኦሬሊ ቁስሏ መድረቅ ጀምሯል፤ ዓይኗ ተከፈተ፣ ታያለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መስታወት አምጪልኝ ትላለች። ተሰበረ አልኳት። ማገዶ ቤት ደብቄዋለሁ።

ዶናት ላይ ግን እንደሷ ነጠል ነጠል ብሎ አልወጣም። አንድ ላይ ተያይዟል። ወተት ሳቀርብለት አፉን ይከፍታል፣ ግን አይውጥም። ቴሌስፎርን ዶክተር እንጥራ አልኩት፣ መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይህ ይጻፍልኝ።

«አሁን?» አለኝ። «አሁን ዶክተር ምን ያደርግለታል? ወረቀት ይለጥፋል።»

«ሆስፒታል ይወስደዋል።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ከዚያ የሚመለስ የለም ያልሽው?»

አዎ። እኔ ነኝ። ከማዳም ገርቬ ሰምቼ።

ሴፕቴምበር 23

ተርቧል ግን አይውጥም። ጣቴን ወተት ነክሬ ከንፈሩ ላይ አኖራለሁ። ጣቴን ያውቀዋል።

ሴፕቴምበር 25፣ ዓርብ

ዶናት ጎሕ ሲቀድ አረፈ።

ሴፕቴምበር 26

የሞት ወረቀት ሊሞሉ ሁለት የጤና ሹሞች መጡ። አንዱ በሩ ላይ ቢጫውን ወረቀት በአራት ሚስማር መታ። እያንዳንዱ ምት ሕንጻውን አናጋው። ማዳም ገርቬ ልጆቿን አቅፋ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም።

ሌላው ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ ጠየቀኝ።

«ሴት ልጅሽ መቼ ታመመች?»

«ከወንድሟ ጋር። በአሥራ አራት።»

ኦሬሊን አያት። ቅርፊቱ ከፊቷ ረግፏል። የሚያየውን ያውቃል። እስክሪብቶውን አቆመ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እናቷ ነኝ።»

ጻፈው። ቀጠለ፤ «እቤት ስፌት ትሰፊያለሽ?»

የስፌት መኪናው ላይ የጠረጴዛ ልብስ ጥዬ የማርያምን ምስል አስቀምጬበታለሁ።

«የልጆቼን ብቻ» አልኩት። ልጆቼን ስል ድምፄ ተቆረጠ፤ ሰውዬው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ሌላ አልጠየቀኝም።

አልጋ ልብሱን ጓሮ አቃጠሉት። ወደ ቀብሩ አባቱ ብቻ ይሂድ አሉ። ነጩ ጋሪ እኛ በር ጋ ቆመ።

ሴፕቴምበር 28፣ ሰኞ

ቴሌስፎር በጓሮ አጥር ዘሎ ወጣ። አትውጣ አልኩት፣ ወረቀቱ አለ አልኩት፣ አልሰማኝም። ከተማው ከምሽት ጀምሮ ይጮኻል። ከኛ ሦስት መንገድ ራቅ ብሎ ያለውን የጤና ጽሕፈት ቤት መስኮቶች በድንጋይ እያወረዷቸው ነው። የመስታወቱ ድምፅ እዚህ ይሰማል። «ይውደም ክትባት!» ይላሉ። ኦሬሊ ቀሚሴ ውስጥ ገብታ፣ «ሊወስዱኝ መጡ?» ትለኛለች።

ወታደር ተጠራ አሉ። ፈረስ ሲጋልብ ሰማሁ። ቴሌስፎር አልመጣም።

ሴፕቴምበር 29

መጣ። መዳፉ በመስታወት ተሰንጥቋል። ደሙን ላጥብ ብዬ እጅጌውን ወደ ላይ ስሰበስብ ከክርኑ በላይ ክብ ጠባሳ አየሁ። አዲስ፣ ቀይ፣ ድኖ የቆዳ ቅርፊቱ የለቀቀ።

ተከትቧል።

«መቼ ነው ይሄ?»

«ኦገስት ላይ። ፋብሪካው በር ላይ ጠባሳ ያላሳየ አይገባም አሉን።»

«ኦገስት። ዶክተሩ እኛ በር የመጣ ጊዜ?»

«ከዚያ ሁለት ቀን በፊት።»

«እንግዲህ አንተ ተከትበህ ነው ትናንት የክትባት ቤት መስኮት ስትሰብር ያደርከው?»

ክንዱን ሊስብ ሞከረ፤ አልለቀቅሁትም።

«ምናለ ልጆቹንም ውሰጃቸው ብትለኝ? ምናለ ብትመታኝ፣ ፀጉሬን ጎትተህ ብትወስደኝ?»

«ፈራሁሽ» አለኝ። ፊቱን በቆሰለው እጁ ሸፈነ። «ዶክተሩን እንዴት እንደሸወድሽው ለማዳም ገርቬ እየሳቅሽ ስትነግሪያት ሰማሁ። እኔ ተከተብኩ ብልሽ ከሃዲ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ነገ እነግራታለሁ እል ነበር። ነገ፣ ነገ።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። የምሰድበው ቃል ሁሉ ወደ እኔ የሚመለስ ሆኖ አገኘሁት። እጁን ጠቅልዬ አሰርኩለት።

ኦክቶበር 18

ወረቀቱን አነሱልን። ግድግዳውን በኖራ ቀቡት።

ኦሬሊ መስታወቱን ማገዶ ቤት አገኘችው። ብዙ ቆማ አየች። ከዚያ፣ «እንዳንቺ ሆንኩ እማዬ» አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው። ከእኔ ግን በምን ይወዳደራል! እኔ ግንባሬ ላይ ሦስት ጠባሳ ብቻ ነው ያለኝ።

ኦክቶበር 20፣ ማክሰኞ

ሥራ ልጠይቅ አውደ ሥራው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የማላውቃት ሴት ተቀምጣለች።

«ማድሞዜል ላዱሰርስ?»

«አልሰማሽም? በወሩ መጀመሪያ ሞተች። ፈንጣጣ።»

«ከየት ያዛት?»

«ማን ያውቃል? ከተማው ሁሉ እኮ ነው። የገረመን ከዚህ ቤት ሌላ የታመመ የለም። እሷ ብቻ።»

መቀመጫ ሰጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ። «ወዳጅሽ ነበረች?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሥራም ሰጡኝ። ጨርቁን ተሸክሜ ወጣሁ።

ኦክቶበር 23

በካውያ ተኩሼዋለሁ። ካውያው እሳት ነው። ከየትም ሊይዛት ይችላል። በትራም፣ በቤተ ክርስቲያን።

ሴፕቴምበር 5 ሰጠኋት። ሕመሙ የጀመራት በአሥራ ስምንት ቢሆን... ዶናት ላይ ስንት ቀን ፈጀ? ቆጠርኩ። ሁለተኛ ቆጠርኩ። ሌላ ቁጥር እንዲወጣልኝ።

ኖቬምበር 2፣ የሙታን መታሰቢያ

ለዶናት ሻማ አበራሁ። ለሌላ ሰው አንድ ሻማ ገዝቼ ነበር፤ ሳላበራው ኪሴ ውስጥ ይዤው ተመለስኩ።

ኑዛዜ ገባሁ። ዋሸሁ አልኩ። «ስንት ጊዜ?» አሉኝ አባታችን። «ሦስት» አልኩ። ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ኖቬምበር 17

ምዕራብ አገር ለኛ ወገን ቆሞ በመንግሥት ላይ ያመፀውን ሪኤልን ትናንት ሰቀሉት። ከተማው ሁሉ ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥሏል። ቴሌስፎር ቆቡ ላይ ጥቁር ሪባን አስሮ አለቀሰ። ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ «ገደሉት፣ ገደሉት» ይላል። እኔም አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለሱ ያለቀስኩ መሰለው። «ገደሉት» በተባለ ቁጥር አንገቴ ላይ ያለው ቆዳ ይቀዘቅዛል፤ አንድ ሰው ዞሮ በጣቱ የሚጠቁመኝ ይመስለኛል።

ኖቬምበር 19

ማዳም ገርቬ ሕፃኗን ይዛ ወረደች። ትንሿን፣ ያልተከተበችውን። የጤና ሹሞቹ ነገ በግዴታ ሊወጉ ይዞራሉ ሲባል ሰምታ ማገዶ ቤቴን ልትለምነኝ ነው።

«ያንቺ ማገዶ ቤት አይታይም» አለችኝ።

«አልሰጥሽም» አልኳት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ተገዛሽ?»

ዓይኗ እያየ ኦሬሊን ጠራኋት። ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። «ያን ቀን ያ ማገዶ ቤት ባይኖር» አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። ማዳም ገርቬ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወጣች። ተቀይማኛለች ብዬ ነበር። ማምሻውን የጤና ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ተሰልፋ አየኋት አለ ቴሌስፎር።

ኖቬምበር 21፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ሳልፈራ ሄድኩ ብል ውሸት ነው፤ ሁለቴ ከመንገድ ተመልሻለሁ። የማድሞዜል ላዱሰር እናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣለች። እግሯ አይታዘዝላትም። በሩን ሳልዘጋ ነው የጀመርኩት፣ ዘግቼ ብቀመጥ እንደማልናገር አውቄ።

«ማዳም ላዱሰር፣ ልጅዎን የገደልኳት እኔ ነኝ። አዚልዳ እባላለሁ። ስፌት የማመጣው።»

«በሩን ዝጊው፣ ብርድ ነው» አለች።

ዘጋሁት። ሁሉንም ነገርኳት። ሁለቱን ኮት፣ ካምፎሩን፣ ደህና ናቸው ያልኩትን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇን ጭኗ ላይ እያሸች፣

«ታውቅ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያን ቀን ጥቅሉን ተሸክማ እዚህ መጣች። እማዬ፣ አለችኝ፣ አንዷ ሠራተኛ ቤት ልጅ ታሟል፤ ብናገር እንጀራዋን ይነጥቋታል፣ ልጇንም ይወስዱባታል፤ ዝም ብል ደግሞ ይህ ኮት ሕፃን ትከሻ ላይ ይወጣል። ልንገራቸው ወይስ ልተው አለችኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«አቃጥይው አልኳት። በገዛ ገንዘቧ ጨርቁን ተክታ፣ አሥራ አራቱንም እዚህ ምድጃ ውስጥ አቃጠለቻቸው። አንድ በአንድ ነው የከተተችው፤ ገበራቸውን እየቀደደች። ቀይ ገበር ነበር።» ወደ እሳቱ አየች። «እኔ ነኝ አቃጥይው ያልኳት። በእጇ ነክታ ያዛት።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አልነካችኝም፣ አልሰደበችኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝም፤ እኔም አልለመንኳትም። ከተቀመጠችበት አንድ ማገዶ እሳቱ ላይ ጨመረችና፣

«ትንሹ ልጅሽ ማን ይባል ነበር?» አለችኝ።

«ዶናት።»

«የእኔዋ ኤርሚን ናት። ማድሞዜል እያላችሁ ስሟን የሚያውቅ የለም።»

ስነሳ፣ «ኤርሚን ሐሙስ ሐሙስ ውሃ ታመጣልኝ ነበር» አለች።

ኖቬምበር 26፣ ሐሙስ

በረዶ ጥሏል። ሁለት ባልዲ ቀዳሁና ይዤ ሄድኩ። ደረጃዋ ላይ ቆሜ ባልዲዎቹን ሳወርድ ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ሳላንኳኳ ከውስጥ ድምፅዋ መጣ።

«ክፍት ነው። ግቢ።»